ስክሪኑ ላይ የደመቀው ፎቶ ወረቀት ላይ ለምን ይጨልማል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሞኒተርንና የፎቶ ቀለምን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ስለበዙ በዚህ እትም ለብቻቸው ሰብስበናቸዋል። ጠያቂዎቹ ብዙ ቢሆኑም ችግሩ በአብዛኛው ከአንድ ቦታ ይነሳል። ዓይን ሁለት ቀለም ጎን ለጎን አድርጎ ለማወዳደር የሚተካከለው የለም፤ ለመለካት ግን አይሆንም። ፊቱ ያለውን ነጭ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለምደዋል፤ ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ቢያደላም ወደ ቢጫ ቢያደላም "ነጭ ነው" ብሎ ይቀበለዋል። በዚህ ላይ ተማምኖ ፎቶ የሚያርም ሰው የሚያርመው የፎቶውን ስህተት ሳይሆን የስክሪኑን ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶዎቼን ኤዲት አድርጌ ስጨርስ ስክሪኑ ላይ በጣም ያምራሉ። ታትመው ሲመጡ ግን ሁሉም ጠቁረዋል፤ በተለይ የሰው ፊት። ማተሚያ ቤት ቀየርኩ፣ ያው ነው። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ማተሚያ ቤቶች እኩል የጠቆረ ፎቶ ከሰጡዎት ጥርጣሬዎን ወደ ሞኒተርዎ ያዙሩ። ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ብራይትነሳቸው ከፍ ተደርጎ ነው፤ ከ250 እስከ 350 ኒት (ኒት የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው) የሚደርሱ ብዙ ናቸው። ለህትመት ፎቶ ለማረም የሚያስፈልገው ግን ከ80 እስከ 120 ኒት ነው። ስክሪኑ ከሚገባው ሦስት እጥፍ ሲደምቅ በጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ፊቱን ማፍካት እንደሚያስፈልግ አይታወቅዎትም፤ እንዲያውም "በዛ" ብለው ኤክስፖዠሩን ይቀንሱታል። ወረቀት ደግሞ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የወደቀበትን ብቻ ነው የሚመልሰው።

ከ80 እስከ 120 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። 400 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚወድቅ ብርሃን መለኪያ ነው) ያህል ብርሃን የወደቀበት ነጭ የፎቶ ወረቀት በግምት 110 ኒት ይመልሳል። ስክሪኑ እዚያው አካባቢ ከሆነ ዓይን ሁለቱን ነጮች እኩል አድርጎ ያያቸዋል፤ በስክሪኑ ላይ የተሰጠው ፍርድ ወረቀቱ ላይም ይሠራል።

ዛሬውኑ ማድረግ የሚችሉት ይሄ ነው። ንጹህ ነጭ የማተሚያ ወረቀት ይውሰዱና የታተመ ፎቶ በሚያዩበት መብራት ስር ከስክሪኑ ጎን ያቁሙት። ስክሪኑን በባዶ ነጭ ገጽ ይሙሉት። ከዚያ በሞኒተሩ በራሱ ቁልፍ ብራይትነሱን ዝቅ እያደረጉ ሁለቱን ነጮች ያስተያዩ። መጀመሪያ ወረቀቱ ግራጫ፣ ስክሪኑ ደግሞ አምፖል ይመስላል፤ ዝቅ ሲያደርጉት ወረቀቱ ቀስ በቀስ ነጭ እየሆነ ይመጣል። የማይለያዩበት ቦታ ላይ ያቁሙ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው የሚያርፈው። ኮንትራስቱን አይንኩት፣ ፋብሪካው በሰጠው ይቆይ። ብራይትነስ ከጀርባ ያለውን መብራት ያስተካክላል፤ ኮንትራስት ግን ምስሉን ራሱን ይለውጣል፣ ሲበዛም ነጭ አካባቢ ያለውን ዝርዝር ይበላዋል።

ክፍሉም ይታሰብበት። በጨለማ ክፍል ውስጥ ያው 110 ኒት ዓይን የሚወጋ ይመስላል፤ ከመስኮት በሚገባ ፀሐይ ፊት ደግሞ የሞተ ይመስላል። ከሰዓት ወደ ሰዓት የማይለወጥ፣ ስክሪኑ ላይ በቀጥታ የማይወድቅ ብርሃን ይኑርዎት። የህትመት ሥራ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 3664 በሞኒተር ዙሪያ ያለው ብርሃን ከ64 ሉክስ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ለወረቀቱ የሚሆነው ጠንካራ ብርሃን ወረቀቱ ላይ ብቻ የሚያርፍ መብራት ይሁን።

አንዳንድ ሰው ለሁሉም ፎቶ እኩል ኤክስፖዠር ጨምሮ ይልካል። ይሄን አንመክርም። ብራይትነሱ ትንሽ በተነካ ቁጥር ያ ጭማሪ ዋጋ ያጣል፤ ከፎቶዎቹም ውስጥ ነጭ ልብስና ደመና ያለባቸው ይቃጠላሉ።

ጥያቄ፦ ከእኔ ሞኒተር ጋር አንድ ዓይነት ሞዴል ላለው ሰው የተሠራ የቀለም ፕሮፋይል ከኢንተርኔት አውርጄ ጫንኩ። ይሄ ካሊብሬት አደረግኩ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እንዲያውም ቢያወጡት ይሻላል። ካሊብሬሽንና ፕሮፋይል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚያዛባ ሚዛን አለ እንበል። ሚዛኑን ከፍቶ ዜሮው ላይ ማቆም ካሊብሬሽን ነው። ከዚያ በኋላ የቀረችውን መዛባት "በኪሎ ይሄን ያህል ያበዛል" ብሎ ጽፎ መለጠፍ ደግሞ ፕሮፋይል ነው። ሞኒተር ላይ ካሊብሬሽን ማለት ብራይትነሱን፣ የነጩን ቀለም እና ጋማውን (በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉት ደረጃዎች የሚፈኩበትን ልክ) ወደታወቀ ቦታ ማምጣት ነው። ፕሮፋይል፣ ማለትም የአይሲሲ ፋይሉ፣ ከዚያ በኋላ ሞኒተሩ ምን ዓይነት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እንደሚያወጣ ለፕሮግራሞች የሚናገር መግለጫ ነው።

የሌላ ሰው ፕሮፋይል የሌላ ሚዛን ጽሑፍ ነው። አንድ ሞዴል ሆነው ሳለ የጀርባ መብራታቸው፣ የሠሩበት ሰዓት እና የተቀመጡበት ሴቲንግ ይለያያል። በዚያ ላይ ፋይሉ ውስጥ ለግራፊክስ ካርድ የሚጫን የማረሚያ ከርቭ፣ ማለትም እያንዳንዱ የቀለም ደረጃ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚወስን ሠንጠረዥ፣ ሊኖር ይችላል፤ የእርስዎ ሞኒተር የሌለበትን ስህተት ያርምና አዲስ ስህተት ይፈጥራል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ የማረሚያ ከርቩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ የሚነካ ሲሆን ፕሮፋይሉን የሚያነቡት ግን ቀለምን የሚያስተዳድሩ ፕሮግራሞች ብቻ ናቸው፤ ፎቶሾፕ፣ ላይትሩም፣ ዘመናዊ ብራውዘሮች። ሌሎች ብዙዎች መኖሩንም አያውቁም። አንድ ፎቶ በሁለት ፕሮግራም ሲከፈት ሁለት ቀለም የሚያሳየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ሴንሰር ያለው ካሊብሬተር አግኝቻለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅደም ተከተል ብታስረዱኝ።

መልስ፦ ውጤቱን የሚወስነው ከመለካቱ በፊት ያለው ዝግጅት ስለሆነ እዚያ ላይ አይቸኩሉ።

ሞኒተሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በርቶ ይቆይ፤ ሳይሞቅ የተለካ ቀለም ሲሞቅ ይሸሻል። ስክሪን ሴቨርና ስሊፕ ይጥፋ። ከዚያ ቀለምን በራሳቸው የሚነካኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ያጥፉ። በዊንዶውስ ናይት ላይትና ኤችዲአር፣ በማክ ናይት ሺፍትና ትሩ ቶን፣ በላፕቶፕ ብርሃንን ከክፍሉ ጋር የሚያመሳስለው አውቶማቲክ ብራይትነስ፤ በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ደግሞ ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ ኢኮ ሞድ፣ ሰማያዊ ብርሃን መቀነሻ እና የጥላ ማፍኪያ። ሞኒተሩን ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ መልሰው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ የሚያስነካውን ሞድ ይምረጡ፤ "ዩዘር" ወይም "ከስተም" ይባላል። ስክሪኑን በደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይጥረጉ።

ፕሮግራሙ ግብ ሲጠይቅዎት ዋይት ፖይንት (የነጩ ቀለም) ዲ65፣ ጋማ 2.2፣ ብራይትነስ ፎቶው በዋናነት ለስክሪን ከሆነ ከ100 እስከ 120፣ ለህትመት ከሆነ ከ80 እስከ 120 ኒት ይስጡት። ጥቁሩን ሞኒተሩ ሊወርድ የሚችለውን ያህል እንዲወርድ ይተዉት። ዲ65 ማለት ወደ 6500 ኬልቪን የሚጠጋ የቀን ብርሃን ነው (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ሲያንስ ወደ ብርቱካናማ፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል)፤ በቀለም ካርታ ላይ ልኩ በኤክስ 0.3127 በዋይ 0.3290 ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱንም የሚያሳይ ከሆነ ከኬልቪኑ ይልቅ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይከተሉ፤ ኬልቪን ብቻውን ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ማዘንበልን አያሳይም።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ጥያቄ ይመጣል፤ የስክሪኑ ዓይነት። በሴንሰሩ ውስጥ ያሉት የቀለም ማጣሪያዎች ከሰው ዓይን ጋር ፍጹም ስለማይመሳሰሉ ለየስክሪኑ ዓይነት የተለየ ማረሚያ ይጠቀማሉ። ተራ ነጭ ኤልኢዲ፣ ሰፊ ጋመት ያለው (ከተራው የበለጠ ብዙ ቀለም የሚያሳይ) ኤልኢዲ እና ኦሌድ ለየብቻ ናቸው። ሰፊ ጋመት ያለውን ሞኒተር "ነጭ ኤልኢዲ" ብለው ከለኩት ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ነጩ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ሊወጣ ይችላል። የሞኒተሩን ዓይነት ከአምራቹ መግለጫ ያረጋግጡ።

ሴንሰሩን ሲያስቀምጡ የብርሃን መበተኛ ሽፋን ካለው ከሌንሱ ላይ ያንሱት። ስክሪኑን ትንሽ ወደ ኋላ ያጋድሉት፤ የሴንሰሩ ገመድ ላይ ያለውን ማመዛዘኛ ከሞኒተሩ ጀርባ ያንጠልጥሉና ሴንሰሩ መሀል ላይ በራሱ ክብደት እንዲተኛ ያድርጉ። በእጅ አይጫኑት፤ ኤልሲዲ ሲጫኑት ቀለሙ ይለወጣል። ከጎን ጎንበስ ብለው ሲያዩ በሴንሰሩና በስክሪኑ መካከል የብርሃን ክር ከታየ አልተኛም ማለት ነው፤ ከክፍሉ የሚገባው ብርሃን በተለይ ጥቁሩን ያሳስታል። መብራቱንም ያጥፉ።

ቀጥሎ በሞኒተሩ ቁልፍ ያስተካክላሉ። በመጀመሪያ ብራይትነሱን ወደ ግቡ ያውርዱ። ከዚያ ፕሮግራሙ የሚያሳየውን የሦስቱን ቀለሞች መስመር ይመልከቱ፤ የበዛውን ብቻ ይቀንሱ። ሰማያዊው ካሸነፈ ከ100 ወደ 96 ያውርዱት፣ ይጠብቁ፣ ይዩ፣ ካልበቃ ይድገሙት። ደካማውን ቀለም ከፋብሪካ ልኩ በላይ ከፍ ማድረግ ግን አይገባም፤ ነጭ አካባቢ ይደፈንብዎታል። ቀለም ሲቀነስ ብራይትነሱም አብሮ ስለሚወርድ ተመልሰው ያስተካክሉት። ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል።

ይሄን ያህል የምንጨነቅበት ምክንያት አለ። በሞኒተሩ ቁልፍ ያልተስተካከለው ሁሉ በግራፊክስ ካርዱ ነው የሚታረመው። ተራ ግንኙነት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ ካርዱ ባረመ ቁጥር ከነዚያ ደረጃዎች አንዳንዶቹ ይጠፋሉ። ያን ጊዜ ጠራ ያለ ሰማይ ላይ እንደ መሰላል የተደረደሩ መስመሮች ይታያሉ።

ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ባለቀለም አራት ማዕዘኖችን እያከታተለ ይለካል። እንደ ብዛታቸው ከጥቂት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ማውዙን አይንኩ። ምርጫ ከተሰጠዎት ፕሮፋይሉ የማትሪክስ ዓይነትና ቨርዥን 2 ይሁን፤ ሁሉም ፕሮግራም ማለት ይቻላል ያነበዋል። ስሙ ላይ ቀኑንና ኒቱን ያስገቡ። በመጨረሻ የማረጋገጫ ልኬት ያሠሩ፤ አማካይ ዴልታ ኢ (በታሰበውና በተለካው ቀለም መካከል ያለው ልዩነት) ከ1 በታች፣ ከፍተኛው ከ3 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ይሄ ማረጋገጫ በዚያው ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ ሴንሰሩ ራሱ ከተሳሳተ እንደማይነግርዎት ይወቁ።

ከዚያ በኋላ ቁልፎቹን መንካት የለም። ብራይትነሱ ከተነካ ፕሮፋይሉ የሚገልጸው ሌላ ሞኒተር ሆነ ማለት ነው። ካሊብሬተሩ ይዞት የመጣው ፕሮግራም ምርጫ የሚያጠብብዎት ከሆነ ዲስፕሌይካል የሚባለው፣ አርጂል በሚባል የቀለም መለኪያ ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ከአብዛኞቹ ሴንሰሮች ጋር ይሠራል፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ከላይ ያልነውን ሁሉ ያስመርጣል።

ጥያቄ፦ ካሊብሬት ካደረግኩ ጀምሮ ስክሪኔ ቢጫ ብሎብኛል። አበላሸሁት?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ሞኒተሩ ቀድሞ ወደ ሰማያዊ ያደላ ስለነበር ዓይንዎ ያንን ነው ነጭ ብሎ የያዘው። ከአጠገቡ ያለው ስልክ ወይም ሌላ ስክሪን ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይጎላል። አንድ ሁለት ቀን ይሥሩበት፤ "በፊት" እና "በኋላ" የሚለውን ቁልፍ እየጫኑ ግን አያወዳድሩ፣ ዓይን እንዳይለምድ ያደርገዋል።

ሆኖም ሦስት ነገር ይፈትሹ። ቢጫ ሳይሆን ሮዝ ወይም አረንጓዴ የሚል ከሆነ መልመድ አይደለም መፍትሔው፤ የስክሪኑ ዓይነት በስህተት ተመርጧል ወይም ሲለካ ብርሃን ገብቷል። ወደ ብርቱካናማ የሄደ ከሆነ ናይት ላይት በካሊብሬሽኑ ላይ ተደርቦ በርቷል። ሦስተኛው የክፍሉ አምፖል ነው። በ2700 ኬልቪን ሞቅ ያለ አምፖል ስር ዲ65 ሰማያዊ ይመስላል፤ በጣም ነጭ በሆነ ቀዝቃዛ አምፖል ስር ደግሞ ቢጫ። 5000 ኬልቪን አካባቢ ያለው፣ የቀለም አሳያይ መለኪያው ከ90 በላይ የሆነ አምፖል ለዚህ ሥራ ይስማማል።

ሥራዎ ሙሉ በሙሉ ህትመት ከሆነና ስክሪኑ ከወረቀቱ ጋር ሲነጻጸር አሁንም ሰማያዊ ከሆነብዎ፣ ዋይት ፖይንቱን ከ6500 ወደ 5800 ወይም ወደ 5000 ኬልቪን ዝቅ አድርገው እንደገና መለካት ይፈቀዳል። ለድረ ገጽና ለስልክ ለሚሄድ ፎቶ ግን ዲ65 ላይ ይቆዩ።

ጥያቄ፦ የዊንዶውስ ፎቶ ማሳያ ነጩን ሁሉ ቢጫ ያደርገዋል። ያው ፎቶ በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት ግን ነጭ ነው።

መልስ፦ ከሞኒተሩ ድራይቨር (ሞኒተሩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፋይል) ጋር የመጣ የተበላሸ ፕሮፋይል ነው። በስታርት ላይ "ኮለር ማኔጅመንት" ብለው ይፈልጉና ይክፈቱ። ሞኒተርዎን መርጠው የራስዎን ሴቲንግ እንዲጠቀም ሳጥኑ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ የተዘረዘረውን ፕሮፋይል ያስወግዱ፤ በምትኩ "ኤስአርጂቢ አይኢሲ 61966-2.1" የሚለውን ጨምረው ዋና ያድርጉት። ፎቶ ማሳያውን ዘግተው ሲከፍቱት ነጩ ይመለሳል። ሞኒተሩ ሰፊ ጋመት ያለው ከሆነ ይሄ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፤ በሴንሰር የተሠራ የራሱ ፕሮፋይል ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ሞኒተሬ 99 በመቶ አዶቤ አርጂቢ ያሳያል ተብሎ የተገዛ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ቀይ ልብስ ዓይን እስኪያም ድረስ ይጮኻል። እኔ ኤዲት አድርጌ የምልከው ፎቶ ደግሞ ሰዎች ስልክ ላይ ደብዝዞ ይታያል። እንዴት ነው አንዱ ሞኒተር ሁለቱንም የሚያደርገው?

መልስ፦ ጥሩ አስተውለዋል፤ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ ሥራቸው ግን አንድ ነው። ፎቶ ውስጥ ያለው ቁጥር ቀለም አይደለም፤ የየትኛው የቀለም ቦታ (ቁጥሮቹ የትኞቹን ቀለሞች እንደሚወክሉ የሚወስን ሥርዓት) ቁጥር እንደሆነ ሲታወቅ ነው ቀለም የሚሆነው። ኤስአርጂቢን ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 ያቀረቡት የዘመኑን ተራ ሞኒተር አቅም መሠረት አድርገው ነው፤ ዛሬም የድረ ገጽና የስልክ ፎቶ የሚታሰበው በሱ ነው። አዶቤ አርጂቢ ከሱ ይሰፋል፣ በተለይ በአረንጓዴውና በውሃ ሰማያዊው በኩል።

ቀዩ የሚጮኸው ቀለምን የማያስተዳድር ፕሮግራም ላይ ነው። ፎቶው "ቀይ 255" ሲል ፕሮግራሙ ሳይተረጉም ለሞኒተሩ ያቀብለዋል፤ ሞኒተሩም ያለውን የመጨረሻ ቀይ ያወጣል፣ እሱም ከኤስአርጂቢ ቀይ የበለጠ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ላይ ለረጅም ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ የሞኒተሩን የኤስአርጂቢ ሞድ ያብሩ፤ ለሱም የራሱን ፕሮፋይል ለብቻው ይሥሩለት።

መደብዘዙ የሚመጣው በተቃራኒው መንገድ ነው። በአዶቤ አርጂቢ 200፣ 50፣ 50 የሆነን አንድ ቀይ እንውሰድ። በትክክል ወደ ኤስአርጂቢ ሲቀየር 232፣ 46፣ 46 አካባቢ ይሆናል። ሳይቀየር ከተላከና ተቀባዩ ፕሮፋይሉን ካላነበበ 200ውን እንደ ኤስአርጂቢ 200 ይወስደዋል። ከ232 ወደ 200 የወረደው ነው ዓይንዎ "ደበዘዘ" የሚለው። ስለዚህ ለስክሪን የሚሄድ ፎቶ ኤክስፖርት ሲደረግ ኤስአርጂቢ ይመረጥ፤ ፕሮፋይሉም አብሮ እንዲገባ ሳጥኑ ላይ ምልክት ይደረግ። ፎቶሾፕ ውስጥ የሚሠራው ትዕዛዝ "ኮንቨርት ቱ ፕሮፋይል" ነው፤ ይሄ ቁጥሮቹን ለውጦ ቀለሙን ይጠብቃል። ከጎኑ ያለው "አሳይን ፕሮፋይል" ግን ቁጥሮቹን እንዳሉ ትቶ ቀለሙን ይለውጣል። ሁለቱን ማምታታት ከምናያቸው ስህተቶች ሁሉ የተለመደው ነው።

ሳንጠየቅ አንድ ነገር እንጨምር፦ የሞኒተርዎን ፕሮፋይል ፎቶሾፕ ውስጥ የሥራ ቦታ (ዎርኪንግ ስፔስ) አድርገው አይምረጡት። እሱ ቦታው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ነው፤ ፎቶሾፕ ራሱ ያገኘዋል። የሥራ ቦታው ኤስአርጂቢ ወይም አዶቤ አርጂቢ ይሁን።

ጥያቄ፦ መለኪያ መሣሪያ የለኝም። በዓይን ምን ያህል መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ ብራይትነስን፣ ጥቁርና ነጭ ጫፍን፣ በግምትም ጋማን ማስተካከል ይችላሉ። የነጩን ቀለም ግን በዓይን አይሞክሩት፤ ሞኒተሩ 6500 ኬልቪን ወይም ኤስአርጂቢ የሚል ሞድ ካለው እሱን መርጠው ይተዉት። ቀይና ሰማያዊውን በዓይን የሚነካካ ሰው የመጨረሻ ውጤቱ ያን ዕለት ዓይኑ የለመደው ነው።

ብራይትነሱን ቀደም ብለን በነገርነው የወረቀት ዘዴ ያስተካክሉ። ከዚያ ፎቶሾፕ ውስጥ ሙሉ ጥቁር፣ ማለትም 0 የሆነ ገጽ ይክፈቱና 4፣ 8፣ 12፣ 16 የሆኑ ትናንሽ አራት ማዕዘኖችን ይሳሉበት። 8ቱ ተለይቶ መታየት አለበት፤ ከ4ቱ ጥላው ቢታይ በጣም ጥሩ ነው። 16ቱም ካልታየ ጥላ ውስጥ ያለውን ጸጉርና ጥቁር ልብስ በጭፍን ነው የሚያርሙት። እንደዚሁ በ255 ነጭ ላይ 245፣ 250፣ 253 ይሳሉ። ኮንትራስቱን አይንኩት ብንልም፣ 250ው ከነጩ ካልተለየ ኮንትራስቱ በዝቷልና ይቀንሱት።

ለጋማው አንድ ነጭ መስመር አንድ ጥቁር መስመር እያፈራረቁ፣ እያንዳንዱ 1 ፒክስል ሆኖ፣ አንድ ቁራጭ ይሙሉ። መሀሉ ላይ 186 የሆነ ግራጫ አራት ማዕዘን ያስቀምጡ። ምስሉ 100 በመቶ ላይ ሆኖ፣ የስክሪኑም ሪዞሉሽን የራሱ የተፈጥሮ ሪዞሉሽን ሆኖ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይመልከቱት። ጋማው 2.2 ከሆነ ግራጫው ከመስመሮቹ ጋር ይዋሃዳል። ግራጫው ከደመቀ ጋማው ከ2.2 ዝቅ ብሏል፣ ከጠቆረ ከፍ ብሏል፤ በሞኒተሩ ሜኑ ያሉትን የጋማ ምርጫዎች እየለወጡ የሚቀርበውን ይያዙ።

መጨረሻ ላይ ከጥቁር እስከ ነጭ ቀስ ብሎ የሚፈካ የግራጫ ሪባን በስክሪኑ ስፋት ልክ ይዘርጉ። አንድ ቦታ ላይ ሮዝ፣ ሌላ ቦታ ላይ አረንጓዴ ጭረት ካለበት በሜኑ የሚፈታ ችግር አይደለም። ሴንሰር ተውሰውም ቢሆን መለካት ነው፤ አንድ ሴንሰር ለብዙ ሞኒተር ስለሚሠራ ከሥራ ባልደረባ ጋር መጋራት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሞኒተሮችን በአንድ ሴንሰር፣ በአንድ ግብ ለካሁ። ቁጥሮቹ እኩል ናቸው፤ ነጮቹ ግን አሁንም አይመሳሰሉም።

መልስ፦ የጀርባ መብራታቸው የተለያየ ከሆነ ይሄ ይጠበቃል። ሴንሰሩ የሚያወጣቸው ቁጥሮች በአማካይ የሰው ዓይን የተሰሉ ናቸው፤ ጠባብና ሾጣጣ የቀለም ሞገድ የሚያወጣ ስክሪን ላይ የእርስዎ ዓይን ከዚያ አማካይ ይለያል። ቁጥሩን ከመጨቃጨቅ ዓይንዎን ይመኑት፤ እዚህ ላይ ሥራው ማወዳደር ስለሆነ ዓይን ይበልጣል። የተሻለውን ሞኒተር በዲ65 ይለኩ። የሁለቱን ብራይትነስ ደካማው በሚችለው ልክ ያድርጉት። ከዚያ በሁለቱም ላይ ነጭ ገጽ ከፍተው የሁለተኛውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በቁልፉ እየነኩ ነጮቹ እስኪመሳሰሉ ያምጡት። ሴንሰሩን በላዩ አድርገው የሚያሳየውን የኤክስና የዋይ ቁጥር ይጻፉና ለዚያ ሞኒተር ብቻ ያንን ግብ ሰጥተው ካሊብሬት ያድርጉት። ቀለም የሚወሰነው ግን ሁልጊዜ በአንደኛው ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ በኤችዲኤምአይ ያገናኘሁት ሞኒተር ጥቁሩ አመድ ይመስላል። ካሊብሬሽን ያስተካክለዋል?

መልስ፦ ካሊብሬሽን ከመጀመሩ በፊት መስተካከል ያለበት ነው። ግራፊክስ ካርዱ ሞኒተሩን ቴሌቪዥን መስሎት ከ0 እስከ 255 በመላክ ፈንታ ከ16 እስከ 235 እየላከ ነው። በካርዱ ሴቲንግ ውስጥ የውፅዓት መጠኑን ከ"ሊሚትድ" ወደ "ፉል" ይለውጡት። በተቃራኒው ጥላዎቹ ሁሉ ተደፍነው ከሆነ የሞኒተሩን የኤችዲኤምአይ ጥቁር ደረጃ ይፈትሹ፤ ሁለቱ መስማማት አለባቸው።

ጥያቄ፦ የላፕቶፕ ስክሪን ካሊብሬት ቢደረግ ዋጋ አለው? በየስንት ጊዜው ነው የሚለካው?

መልስ፦ ዋጋ አለው፤ ነጩና ጋማው ይስተካከላል። የሌለውን ቀለም ግን አያመጣም። መግለጫው ላይ "45 በመቶ ኤንቲኤስሲ" (ኤንቲኤስሲ የድሮ የቴሌቪዥን የቀለም ስፋት ልክ ነው) የሚል ፓነል ከኤስአርጂቢ ቀለሞች ሲሶ ያህሉን አያሳይም፤ ከሴንሰሩ የሚወጣው ፕሮፋይልም ይሄንኑ ነው የሚመሰክረው። እንዲህ ባለው ላይ ምርጫና ክርክም ይሥሩ፤ የቀይና የብርቱካናማ ፍርድን ለውጭ ሞኒተር ያቆዩት። ላፕቶፑ የራሱ የቀለም ቁልፍ ስለሌለው ሁሉም እርማት በግራፊክስ ካርዱ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከዲ65 በጣም የራቀ ፓነል ላይ ሙሉ በሙሉ ከማስገደድ በራሱ ነጭ ላይ ተትቶ ፕሮፋይል ብቻ ቢሠራለት ይሻላል። ብራይትነሱም በየጊዜው በእጅ ስለሚነካ የተለካበትን ደረጃ ማስታወስ ግድ ነው።

ለሥራ የሚውል ሞኒተር በየ4 ሳምንቱ ቢለካ በቂ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠሩበት ከሆነ በ2 ወይም በ3 ወር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ስክሪኑ ቀለሙን ለወጥ ሲያደርግ የሚታየው የማረሚያ ከርቩ ሲጫን ነው። ከዊንዶውስ ዝማኔ ወይም ከስሊፕ በኋላ ያ ለውጥ ካልመጣ ከርቩ ወድቋል፤ ፕሮፋይሉን እንደገና ይጫኑት። የብራይትነሱን፣ የቀዩን፣ የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን ቁጥር ከነቀኑ በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከሞኒተሩ ጀርባ ይለጥፉ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ቢነካካው ሳይለኩ መመለስ የሚቻለው በሱ ነው።